የጥሊሊው ካሜራ እና የእማማ የሺ ምሳ

ከዳንግላ የተነሳሁት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ባሕር ዳር የሚኖረው አብሮ አደጌ አንተነህ «እናቴ መብላት ትታለች!» ብሎ ደውሎልኛል። ጥሊሊ ያሉትን እናቱን፣ እማማ የሺን፣ በስልኩ እንዲያያቸው አይፒ ካሜራ ሳሎናቸው ውስጥ የገጠምኩት እኔ ነኝ።

«ሦስት ቀን ሙሉ አየሁ፤ ጉርሻ አልቀመሰችም። ቅዳሜ መጥቼ፣ ወደደችም ጠላችም፣ እወስዳታለሁ» አለኝ።

እማማ የሺ ከዚያ ቤት ከሚወጡ የዘንገና ሐይቅ ቦታ ቢቀይር ይቀላል። ምናልባት ኔትወርኩ ተቆራርጦ የደረቀ ምስል እያየ ይሆናል ብዬ፣ መብላታቸውን እዚያው ቀርጾ የሚያስቀር አናሎግ ካሜራ ከነመቅረጫው ይዤ ወጣሁ።

እስከ እንጅባራ

ሚኒባሱ ውስጥ ስልሳ ያህል ሰው ነበርን፤ ዶሮዎቹን ሳልቆጥር። በመንገዱ ግራና ቀኝ የከሰል ማዳበሪያ ተደርድሯል። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ገበሬ ቦርሳዬን ነካ አደረጉ።

«ምንድን ነው?»

«ካሜራ ነው፣ አባባ።»

«የሰርግ?»

«የሌባ።»

«ሌባ ደግሞ ፎቶ ይነሳል?»

አስረዳኋቸው። አናሎጉ በገመድ ከመቅረጫው ጋር ይያያዛል፤ ኔትወርክ አይፈልግም፤ ያየውን እዚያው ቤት ይዞ ይቀመጣል። አይፒው ጥርት አድርጎ ባሕር ዳር ድረስ ያሳያል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ድርቅ ይላል።

«አንዱ ምስጢር ጠባቂ፣ አንዱ ወሬኛ በለኛ!» አሉ።

ጥሊሊ

እንጅባራ ላይ ሁለተኛው ሚኒባስ እስኪሞላ ጢሜ አንድ ስንዝር አደገ። ጥሊሊ የደረስኩት ለምሳ ነው። ሳሎኑ ባዶ። እማማ የሺን ጓዳ ውስጥ፣ ከበሩ ጀርባ፣ የድንች ወጥ በእንጀራ ሲበሉ አገኘኋቸው።

«እማማ! ምነው እዚህ ተደብቀው?»

«ቀስ በል! አንተነህ ይሰማሃል።»

«ሳሎን ለምን አይበሉም?»

«አንተ ቀልማዳ! ልጄ ቁጭ ብሎ እያየኝ ብቻዬን ልጎርስ? የመጀመሪያ ቀን ‹እንብላ› አልኩት። ዝም አለኝ። ርቦት ይሆን እያልኩ እህሉ ከጉሮሮዬ አልወርድ አለ።»

ካሜራው ማይክም ስፒከርም አለው፤ ኔትወርክ እንዳይበላ ብዬ ድምፁን የዘጋሁት ራሴ ነኝ። አናሎጉን ከቦርሳዬ ሳላወጣ የአይፒውን ድምፅ ከፈትኩና ለአንተነህ ደውዬ ነገሩን ነገርኩት። ከዚያ ከሳሎኑ ግድግዳ ድምፁ መጣ፦

«እማዬ... እንብላ!»

እማማ ሳህናቸውን ይዘው ብድግ አሉና ሳሎን ገቡ። «ይባረክልህ ልጄ! ምን ይዘህ ነው?»

«ዳቦ።»

«በደረቁ?! ወይኔ ልጄን!»

«ቅዳሜ እመጣለሁ እማዬ። ልወስድሽ አይደለም፤ አብረን ልንበላ ነው።»

ዳንግላ

ማምሻውን ቤቴ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ «አናሎግ ይሻላል አይፒ?» ሲለኝ፣ የሚታየው ማን እንደሆነ እጠይቃለሁ። ሌባ ከሆነ አናሎግ ይበቃዋል። እናት ከሆነች ግን መልስ የሚሰጣት ያስፈልጋል።