ጥቁር አዝሙድ የገባበት ቡና

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ሁለት ዓይነት ቡና ይዛ መጣች። አንደኛው በሚያብረቀርቅ ከረጢት የታሸገ፣ ዋጋው የሚያስደነግጥ ነው። ሌላው ከገበያ በጨርቅ ተቋጥሮ የመጣ ነው። ለየብቻ አፍልታ ቀዳችልኝና «ውዱ የቱ ነው? ሳያዩ በጣዕሙ ይለዩልኝ» አለችኝ። ሁለቱንም ጠጣሁ፤ ሁለቱም ጥሩ ነበሩ። መለየት ሲያቅተኝ እሷ ሳቀች። እኔን ግን ነገሩ ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ጣልያን ጊዜ፣ ወደ አማቴ ቤት መለሰኝ። እዚያ ቤት የተጠጣ አንድ ቡና አለ፤ ይህን ያህል ዘመን ኖሬም መገረሜ አልወጣልኝም።

ደብረ ታቦር ተድሬ ስመጣ የአማቴ ቡና ስም ነበረው። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ሰበብ ፈልጎ በደጃቸው ያልፋል። ያኔ ካህናቱ ቡናን በሙሉ ልብ አልተቀበሉትም ነበር፤ አንዳንዱ ቄስ የእስላም መጠጥ ነው እያለ ይገሥጻል። የአማቴን ቡና ግን የነፍስ አባታቸውም አንድ ቀን ቀምሰውት፣ ከዚያ ወዲያ ስለ ቡና ማስተማሩን ተዉት። ጠጪው ሁሉ ይከራከራል። አንዱ የዘጌን ምርጥ ነው የሚገዙት ይላል። ሌላው የለም፣ ከሐረር የሚመጣውን ነው፣ ያለ ውድ ቡና እንዲህ ያለ ጣዕም ከየት ይገኛል ይላል። አማቴ ለማንም መልስ አይሰጡም። ፈገግ ብለው ፍንጃሉን ይሞላሉ።

ምራት ነኝና ቡናውን መቁላትና መውቀጥ የኔ ሥራ መሆን ነበረበት። አላስነኩኝም። «ውሃ ቅጂ፣ እንጨት አምጪ፣ ቡናውን ለኔ ተዪው» ይሉኛል። ወጡን፣ ጠላውን፣ ጓዳውን በሙሉ ያመኑኝ ሴትዮ ለቡና አላመኑኝም። በጣም ቅር ይለኝ ነበር። ሙያ የሌላት አስመሰሉኝ ብዬ ለባሌ ሳማርር እሱ ይስቅብኛል። እሱ ራሱ ከእናቱ ቡና ሌላ አይሆንለትም። ሰው ቤት ሲቀዳለት ፍንጃሉን አጋምሶ ያስቀምጥና «ምን ጎድሎት ነው?» ብሎ ባለቤቷን ያስቀይማል።

ጣልያን ከተማው ውስጥ ሲሰፍር ባሌ ጠመንጃውን ይዞ ወደ ጉና ተራራ ወጣ። መጀመሪያ አካባቢ ደኅና ነው የሚል ወሬ በሰው በሰው ይደርሰን ነበር። ክረምቱ ሲገባ ወሬው ተቋረጠ። መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ የባሌ አጎት መጣና ሞቷል አለን። ይህ አጎት በጣልያኖቹ ስንቅ ቤት ይሠራ ነበር። ባንዳ ነው ይባላል፤ ፊት ለፊት ግን ማንም አይለውም። «ሲወድቅ በዓይኑ ያየ ሰው ነው የነገረኝ» ብሎ አስረዳን።

ሬሳ የለም፣ መቃብር የለም። እንዲህ ላለ ሰው ዘመድ ተሰብስቦ እርሙን ያወጣለታል፤ የሆነውም ይኸው ነው። ፀጉሬን ተላጨሁ፣ ፊቴን ነጨሁ፣ ድምፄ እስኪዘጋ አለቀስሁ። አማቴ አላለቀሱም። ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ፣ ከዚያ ወዲያ እህል በአፋቸው አልዞረም። ውሃ ስንሰጣቸው ከንፈራቸውን ያረጥባሉ፣ ያ ብቻ። ቡና ስንላቸው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ጉንጫቸው ገባ፣ አጥንታቸው ወጣ። ለቀስተኛው ወደ በሩ ሲወጣ ወደኔ ጠጋ እያለ «እኚህንም ትቀብሪያለሽ፣ ተዘጋጂ» ይለኝ ጀመር። ባሌን አጥቻለሁ፤ እሳቸው ከሞቱብኝ ለመኖር የሚያበቃኝ ነገር አልታየኝም። ከምማረርባቸው በላይ እወዳቸው እንደ ነበር የገባኝ ያኔ ነው።

አጎትየው አዘነ፤ ወይም ያዘነ መሰለ። አንድ ቀን ጠዋት ቀይና ወርቅማ ቆርቆሮ ይዞ መጣ፤ ላዩ ላይ ፀጉሯን የተሠራች ፈረንጅ ተሥላበታለች። ውስጡ የተፈጨ ቡና ነው። «የጣልያን ሹማምንት የሚጠጡት ነው። ዋጋው የወይፈን ዋጋ ነው። ይህን ቀምሶ የማይነሣ የለም» አለን። ሴቶቹ ቆርቆሮውን እየተቀባበሉ አሸተቱት፣ ሥዕሏን ዳበሷት። አንዷማ ገና ሳይከፈት ባዶውን ለኔ ብላ ለመነች። አፍልቼ ቀዳሁ። ሁሉም አደነቀ፤ እኔም አደነቅሁ። እውነቱን ለመናገር የጣፈጠኝ ቆርቆሮው ነው።

አማቴ ተለምነው ተለምነው አንዴ ፉት አሉ። ፍንጃሉን መሬት ላይ አኖሩና «ይህማ ገብስ ነው» አሉ።

ከመርዶው ወዲህ ከአፋቸው የወጣው የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር። የአጎትየው ፊት ጠቆረ፤ ሐዘን ምላሳቸውን ወስዶባቸዋል አለ። እኛም እሱን አመንን። የሹም ቡና፣ ያውም በቆርቆሮ ታሽጎ ባሕር ተሻግሮ የመጣ፣ እንዴት ገብስ ይሆናል?

በማግስቱ ይሁን በሠልስቱ ቡና ሻጯ መጣች። ከኛ ቤት ዝቅ ብላ የምትኖር፣ በገበያው ዳር ቡናና ቅመም ዘርግታ የምትሸጥ እስላም ጎረቤታችን ናት። አማቴ ከሷ በቀር ከማንም ቡና ገዝተው አያውቁም። ሳቂታ ሴት ናት፤ ስትሰፍር አታጎድልም፣ ስታወራ ግን ትጨምራለች። ያን ዕለት አልሳቀችም። ከለቀስተኛው ለይታ ወደ ማድ ቤቱ ወሰደችኝና ከነጠላዋ ሥር አንዲት ቋጠሮ አወጣች።

«ሐሙሲት ገበያ አንድ የማላውቀው ሰው ሰጠኝ» አለችኝ። «ለእናቲቱ ስጪልኝ ነው ያለኝ። ስሙን አልነገረኝም፤ ዘመኑ እንደምታውቂው ነው፣ እኔም አልጠየቅሁም።»

ቋጠሮውን ፈታሁት። ተቆልቶ ያልተወቀጠ ቡና ነው፤ ግን ከግማሽ የሚበልጠው የተቆላ ገብስ ነው። በመካከሉ ደግሞ ጥቃቅን ጥቁር ነገር አለበት። የአይጥ ኩስ መሰለኝ፤ ሳሸተው ጥቁር አዝሙድ ሆነ። ደሜ ፈላ። ለለቅሶ ቤት ገብስ የተቀየጠበት ቡና መላክ ስድብ ነው።

«እትዬ፣ ሰውየው አሹፎብሻል» አልኳት። «ይህ ለሰው አይሰጥም።»

«አፍልተሽ ስጫቸው።»

«ይህንን?»

«ይህንኑ። እምቢ ካሉ ለኔ ትመልሺልኛለሽ» ብላኝ ሄደች።

እየተነጫነጭሁ ወቀጥሁት፣ ጣድሁት። ጀበናው ሲገነፍል እጄ ቆመ። ሽታው የቤታችን ሽታ ነበር። ባሌ ከውጪ ሲገባ አፍንጫውን እየነፋ የሚያሸተው፣ ከመርዶው ወዲህ ከቤቱ የጠፋው ያው ሽታ ነበር። ምን እንደሆነ አላወቅሁም።

አማቴ ገና ፍንጃሉ ሳይደርሳቸው ራሳቸውን ከግድግዳው ቀና አደረጉ። በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ፉት አሉ፣ በአፋቸው ያዙት፣ ዋጡት። እንደገና ፉት አሉ። እስከ አተላው ጨለጡትና ቀና ብለው አዩኝ። ያን ሁሉ ቀን አጠገባችን እያሉ አልነበሩም፤ አሁን መጡ።

«ማን አመጣው?» አሉኝ በሹክሹክታ። ነገርኳቸው። ቤቱ ውስጥ የቀረ ሰው እንደሌለ ካዩ በኋላ «በሩን መለስ አድርጊው» አሉኝ።

መለስሁት።

«ልጄ በሕይወት አለ።»

ግንባራቸውን በመዳፌ ነካሁ። ሐዘኑ አናታቸው ላይ ወጣ ብዬ ነው።

«ስሚኝ» አሉ። «ልጄ ትንሽ ሳለ ከብቱ በበሽታ አለቀ፣ ቤቱም ባዶ ሆነ። እንግዳ ግን ባዶ ነው ብሎ አይቀርም። ያለችኝን እፍኝ ቡና በገብስ አበዛኋት፤ ገብሱ እንዳይታወቅብኝ ብዬ ጥቁር አዝሙድ ጣል አደረግሁባት። አመሰገኑኝ። ኋላ እጃችን ሲፈታ ንጹሑን ባፈላ ቡናሽን ምን ነካው አሉኝ። ከዚያ ወዲያ እንዴት አድርጌ ልተወው? ገብሱን የሚቆላልኝ እሱ ነበር፣ ለሰው ትንፍሽ እንዳይል አስምዬው። ይህን የምናውቅ እኔና እሱ ብቻ ነን። ታዲያ ከሱ ሌላ ማን ይልክልኛል?»

አጠገባቸው ተቀመጥሁ። መጀመሪያ ባሌን አሰብሁ፣ የተላጨ አናቴን ዳበስሁ። ቀጥሎ ደግሞ ያ ሁሉ ሰው ትዝ አለኝ። የዘጌ ነው፣ የሐረር ነው እያለ ሲከራከር የኖረው የጉናን ገብስ እየጠጣ ኖሯል። የነፍስ አባታቸውን ዝም ያሰኛቸውም ገብስ ነው። ለካ ቡናውን የከለከሉኝ ሙያዬን ንቀው አይደለም፤ ገበናቸውን ሸፍነው ነው።

«በይ አሁን እህል ስጪኝ» አሉኝ። «አጎቱ ሲመጣ ግን እኔም ሐዘንተኛ ነኝ፣ አንቺም ሐዘንተኛ ነሽ። ጣልያኖቹ ሞቷል ካሉ አይፈልጉትም።»

አጎትየው በመጣ ጊዜ አማቴ አለቀሱ። ያን ሁሉ ቀን ያልወጣ እንባ ያኔ ወጣ፤ ደረታቸውን እየደቁ፣ ልጃቸውን በፈረሱ ስም እየጠሩ እንዲያ ሲያለቅሱ እሱ ራሱ አብሮ አነባ። በሕይወት ላለ ልጅ ማልቀስ ሟርት ነው ይባላል፤ ከኔ ይልቅ እሳቸው ይህን ይፈራሉ። እየፈሩ አለቀሱለት። እኔ ጥግ ይዤ እያየኋቸው፣ ይህን ሆድ ያለው ሰው ከዚያ በፊት አይቼ እንደማላውቅ አሰብሁ። ሌላ ቆርቆሮ ሲያመጣላቸውም በምስጋና ተቀበሉት። ሲወጣ ከራሳቸው ቡና ጋር ቀየጡትና «ገብስ ለገብስ ይስማማል» አሉ።

የቋጠሮዋን ቡና በየሰንበቱ ቆንጠር እያደረጉ አቆዩዋት። እሷ ካለቀች በኋላም በሉ፣ ጠጡ፣ ማጀታቸው ገብተው እንደ ድሮው ቡናቸውን አሰናዱ፣ ኖሩ።

ጣልያን ወጣ። ባሌ አንድ እግሩን እየጎተተ፣ ጢሙ ደረቱ ላይ ደርሶ መጣ። እንዴት እንደተቀበልነው አልጽፈውም፤ ብሞክርም አይሆንልኝም። ሰዉ ጨፍሮ ሲበተን አማቴ ቡናውን አፍልተው ቀዱለትና «የላክኸው ቡና ደረሰኝ» አሉት።

ፍንጃሉ አፉ አጠገብ ቆመ። እኔን አየኝ። ከዚያ እናቱን አተኩሮ አያቸው።

«ጥቁር አዝሙዱ አልበዛም?» አለ።

«ልክ ነበር» አሉት።

በማግስቱ ጓሮ ለብቻው አግኝቼ ቡናውን በማን እጅ እንደላከው ጠየቅሁት። «የምን ቡና?» አለኝ። ቆስሎ ጣራ ገዳም ጫካ ውስጥ መነኮሳቱ ደብቀው ሲያክሙት ነበር። ሐሙሲት አልወረደም፣ ሰው አልላከም፣ ቡና በዓይኑ አላየም።

«ታዲያ ለምን እንዲያ አልካቸው?»

«ፊቷን አላየሽውም?» አለኝ።

የዚያን ሳምንት ገበያ ወደ ቡና ሻጯ ሄድሁ። ገዢዋን እስክትሸኝ ቆሜ ጠበቅሁና ሐሙሲት ያገኘችው ሰው ምን ይመስል እንደ ነበር ጠየቅኋት። ቡናውን እየለቀመች ቀና ሳትል መለሰችልኝ።

«አማትሽ እፍኝ ቡና ገዝተው ሰፈሩን በሙሉ ያጠጣሉ። ጥቁር አዝሙዱን ከቡናው እኩል ነው ከኔ የሚሸምቱት። ባልሽ ትንሽ ሳለ እሱን ነበር የሚልኩት፤ እጁ ገብስ ገብስ ይሸታል። ይህን ያህል ዘመን ሸጬላቸው ሳላውቅ ልቅር?»

«ባይመጣስ ኖሮ?»

እጇ ቆመ። «ይህን እያሰብሁ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ» አለችኝ። «ግን እሱ ኖረም ሞተም፣ እሳቸው ያን ሳምንት ይሞቱ ነበር።» ቡናዬን ሰፈረችልኝ። ሳልጠይቃት ጥቁር አዝሙዱንም ጨመረችበት።

ቤት ስገባ አማቴ ቋጠሮውን ተቀብለው ፈቱት፣ ጥቁር አዝሙዱን በጣታቸው ቆንጥረው አሸተቱት።

«አመሰገንሻት?» አሉኝ።

ነጠላዬን ሳላወርድ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«ልጄ ፍንጃሉን ይዞ አንቺን ሲያይሽ ነው የገባኝ» አሉ። «ውሸት የማያውቅ ልጅ ለኔ ብሎ ዋሸ። ታዲያ ምን ልበለው? ልክ ነበር አልኩት።»

ከዚያ ተነሡና ከጓዳ ገብሱን በሰፌድ አምጥተው ጭኔ ላይ አኖሩልኝ።

«በይ ቁዪው» አሉኝ። «እንዳያርርብሽ።»