ያልያዘችው ጾም

ሰው ውሻ ቢፈራ ይገባኛል። ጨለማ ቢፈራ፣ የመንግሥት ቢሮ ቢፈራም ይገባኛል። ምስር የሚፈራ ሰው ግን እስካይ ድረስ መኖሩን አላውቅም ነበር። ያየሁትም በገዛ ቤቴ፣ በሚስቴ ነው።

ነገሩ የጀመረው ኮምቦልቻ፣ የዘመድ ሠርግ ላይ ነው። ከበላነው አንዱ ተበላሽቶ ኖሮ፣ ወደ ደሴ ስንመለስ ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን ዳገት ሳያጋምስ ሹፌሩን አስቆመችው። ከዚያ አልጋ ያዘች። ሐኪም አያት፣ መድኃኒት ወሰደች፣ ዳነች። ማለቴ ሆዷ ዳነ። እሷ ግን የሠርጉ ዕለት መጨረሻ ላይ የጎረሰችው ምስር ወጥ እንደነበር አልረሳችም።

መጀመሪያ ምስሩ ቀረ። ደሴ ውስጥ ሐኪም ጥቂት ነው፣ የጨጓራ አዋቂ ግን በየበሩ አለ። አንዷ መጥታ ቲማቲም ይልጣል አለቻት፤ ቲማቲም ቀረ። ሌላዋ ወተት ይነፋል አለች፤ ወተትም ቀረ። በርበሬማ መካሪ አላስፈለገውም። እያንዳንዱ ጠያቂ ሙዝ ይዞ ይመጣና አንድ ምግብ ይዞብን ይሄዳል።

እኔ ክርክር የምወድ ሰው ነኝ። ያነበብኩትን ሁሉ አምጥቼ ተከራከርኳት፤ ሰው ስንት ዘመን በሽሮ እንደኖረ፣ ዛሬ ምግብ መፍራት የሀብታም አገር ፋሽን እንደሆነ አስረዳኋት። እሷም አንድ በአንድ ተቀበለችኝ። ብዙ ጊዜ አሳምኛታለሁ፤ አብልቻት ግን አላውቅም። ሕመሙ ማስመሰል አልነበረምና። ሽሮ ስትቀምስ ሆዷን በእውነት ይቆርጣታል፣ ግንባሯን ያልባታል። ሐኪሙ ደግሞ መርምሮ፣ “ሆድሽ ደህና ነው፤ አንዴ ስለደነገጠ ግን ድንጋጤውን ለምዶታል። ቀስ እያልሽ ምግቡን መልሰሽ አለማምጂው” አላት። ምክሩ ትክክል ነበር። ከየት እንደሚጀመር ግን ሁለታችንም አላወቅንም።

ከተጋባን ጀምሮ የምንበላው ከአንድ ትሪ ነበር። አሁን ከትሪው አጠገብ አንዲት ትንሽ ሳህን መጣች፤ የተቀቀለ ድንች፣ ሩዝ፣ ካሮት። የሚስቴ እጅ ወደ ትሪው መምጣቱን አቆመ። ዓይኔ እያየ እየከሳች ነበር፤ ከክሳቷ ይልቅ ግን ያቺ ሳህን ታስፈራኝ ነበር። ሳንጣላ ማዕድ ለይተናል።

ቤት ውስጥ እንዲህ ሆነን ሰነበትን፤ የሰው ቤት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረው። ወሎ ውስጥ የቀረበልህን ምግብ እምቢ ብለህ ማምለጥ የምትችለው በእምነት ብቻ ነው። ሙስሊሙ ለክርስቲያን እንግዳው ለብቻ ያበስላል፣ ክርስቲያኑም እንዲሁ፣ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። ኦርቶዶክስ ያለወቅቱ “ጾም ነው” ቢል ቀን መቁጠሪያው ያጋልጠዋል። ሚስቴ ግን ጴንጤ ናት፤ ጾም ጸሎት የምትይዘው ልቧ ሲፈቅድ ነው፣ ሊቆጣጠራት የሚችል ሰው የለም። ይህችን ቀዳዳ አገኘቻት። ለቅሶ ቤት “ጾም ጸሎት ይዣለሁ”፣ ምርቃት ላይ “ጾም ጸሎት ይዣለሁ”። ሰፈሩ ቅድስት አደረጋት። እኔ ከቅድስት ጋር የሚኖር ኃጢአተኛ ሆኜ ቀረሁ።

ቀዳዳዋን የደፈኑት ጎረቤታችን ናቸው። የኩታበር ሰው ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ፒያሳ ጨርቅ እየሸጡ ልጆቻቸውን አሳድገዋል። ረመዳን በገባ ሰሞን አንድ ጠዋት በአጥሩ ላይ ሚስቴን ጠሯት።

“ዛሬ እኔ ዘንድ ነው እራታችሁ። እምቢ እንዳትይኝ!”

“ውይ እትዬ፣ ጾም ጸሎት ይዤ…”

“ማሻአላህ! መቼ ነው የምትፈቺው?”

ሚስቴ ይህን አላሰበችበትም። “ጀንበር ስትጠልቅ” አለች።

“እኔስ መቼ ነው? በይ አብረን እናፈጥራለን!”

ሚስቴ ወደ ቤት ስትገባ ፊቷ አመድ መስሏል። ውሸቷ መውጫ አልነበረውም፤ እሷ ደግሞ ውሸት የማይሆንላት ሰው ናት። እናም ያደረገችው ነገር እስከ ዛሬ ያስገርመኛል። ቀኑን ሙሉ ጾመች። ጠዋት ያልያዘችውን ጾም ከሰዓት በኋላ ይዛው ተገኘች፤ ድንቿንም ሩዟንም ሳትነካ።

ማታ ሁለታችንም ሄድን። እኔ አልጾምኩም፤ ተጋብዤ የቀረሁበት ቀን ግን የለም።

“አንተስ ጾመሃል?” አሉኝ።

“እንዴታ! ከቁርስ እስከ ምሳ።”

“አላህ ይቀበልህ አልልህም እንግዲህ” ብለው ሳቁብኝ።

አዛን ሲል ለሁላችንም ተምር ደረሰን። ሚስቴ ተምሯን በጣቶቿ ይዛ ቆየች፤ ከዚያ በላችው፣ ውኃ ጠጣችበት። ቤተሰቡ ለሶላት ተነሣ። እኛ ሁለታችን ብቻችንን ቁጭ አልን። ሆዷን እያዳመጠች ነበር። ተምር ከተወቻቸው ምግቦች አንዱ ነው፤ ይነፋል ተብሎ። ከጓዳ የሶላቱ ድምፅ ይሰማል። ምንም አልሆነችም።

“እርቦኛል” አለችኝ በሹክሹክታ። ይህን ቃል ከአፏ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር። በፍርሃት ሰዓቱን ጠብቃ ድንቿን ስትውጥ መራብን ረስታው ኖሯል።

ጎረቤታችን ከሶላት ሲመለሱ የአጃ ሾርባ ቀዱላት። “ሥጋ የሌለበት ነው፤ ለአንቺ ለብቻ ነው የሠራሁት” አሏት። ሚስቴ ሾርባውን አየችው፤ እንባዋ መጣ።

“እትዬ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ጾም አልያዝኩም ነበር። ምግብ ፈርቼ ነው።”

“ዛሬ ምን በልተሻል?”

“ምንም።”

“ታዲያ ጾመሻል! ውሸቱ የታለ?” አሉና ማንኪያ አቀበሏት። “አብሽሪ። አጃ፣ ሽንኩርት፣ ጨው ነው ያለበት። የምትችዪውን ብዪ፣ የቀረውን ነገ። ረመዳን እንደሆነ ገና ነው።”

የቻለችው ትንሽ ነበር። በማግስቱ ግን ራሷ ሄደች፤ ከዚያም በየማታው። ሴትየዋ በር ከፈቱላት፤ የገባችው ግን እሷ ናት። ዕለት ዕለት የምትሞክረውን የምትመርጠው ራሷ ነበረች፤ አንድ ማታ ቲማቲም፣ ሌላ ማታ በርበሬ የነካው ወጥ ጫፍ። ቤተ ክርስቲያን አብራት የምታገለግል ጓደኛዋ፣ “ምነው፣ ሰለምሽ እንዴ?” ብላ ብትተርባት፣ “ሳንቡሳው ነው የሰበከኝ” አለቻት።

ሳንቡሳው ግን ውስጡ ምስር ነበር፤ እስከዚያ ቀንም አልነካችውም። የነካችው ማታ ሆዷን ቆረጣት። ግድግዳ እየተደገፈች ቤት ስትገባ፣ አበቃ አልኩ። ሳህኒቱ ዕድሜ ልካችንን ከእኛ ጋር ነች። ሳልከራከራት ውኃ አቀረብኩላት፤ ለእኔ ይህም ትልቅ ነገር ነው።

በማግስቱ ጀንበር ሲያዘቀዝቅ ነጠላዋን ለበሰች።

“ዛሬ ደግሞ ምን ልትሞክሪ ነው?” አልኳት።

“ምስር።”

“ትናንት የጣለሽን?”

“ትናንት ብዙ ፈርቼ ብዙ ጎረስኩ። ዛሬ ትንሽ።”

ተከትያት ሄድኩ። ስለ ጀግንነት ብዙ አንብቤአለሁ፤ አብዛኛው ጩኸት ነው። ትናንት ያሳመማትን ነገር ከሳንቡሳው ጥግ ቆንጥራ ወደ አፏ ስትወስድ ያየሁት ግን ድምፅ አልነበረውም። ያን ማታም ትንሽ ቆረጣት። በሚቀጥለው ያነሰ። ከዚያ ረሳችው።

ወተት እስካሁን አትጠጣም። ፈርታ እንደሆነ ስጠይቃት፣ “ድሮም አልወደውም ነበር፤ አሁን ሰበብ አያስፈልገኝም” ትለኛለች።

ኢድ ካለፈ በኋላ አንድ እሁድ ምሳ ትሪው ቀረበ። መሐሉ ላይ ምስር ወጥ፣ እሷ የሠራችው። ሳህኒቱን በዓይኔ ፈለግኋት። ከትሪው አጠገብ ነበረች፤ ቃሪያ ይዛለች። ሚስቴ እንጀራውን ቆርሳ፣ በእሷ በኩል ያለውን ምስር ጨርሳ፣ እጇን አሻግራ ወደ እኔ በኩል ሰደደች።

“ያ የኔ ድርሻ ነው” አልኳት።

“ፍጠን እንግዲህ” አለችና ጎረሰችው።