ከአረቅጥ የመጣችው ምስክር

ዳኛዋ ከፍ ባለው ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ልጄ ሰላማዊት በስተቀኝ፣ አማቼ ከጠበቃው ጋር በስተግራ ቆመዋል። ከአማቼ ጀርባ እናስታርቅ ሲሉ የከረሙ ሦስት ሽማግሌዎች ተደርድረዋል። ከልጄ ጀርባ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።

ይህ የሆነው ባለፈው የካቲት ወልቂጤ ፍርድ ቤት ውስጥ ነው። ብዙ የምናገር ሴት አይደለሁም፤ ያን ዕለት ያየሁት ግን ከአእምሮዬ ስላልወጣ ጻፍኩት።

ልጄ ያገባችው በሰኔ ነው። መስቀል ሲደርስ ሰውየው አገር ቤት እናቱ ጋ እንደሚውል ነግሯት ብቻውን ሄደ። ጉራጌዎቹ ጎረቤቶቻችን፣ አዲስ ሙሽራ ለመስቀል ትቶ ይኬዳል ወይ ብለው ተገረሙ። እኛ ከጎጃም የመጣን ነንና ከቁም ነገር አልቆጠርነውም። ቆይቶ እዚያው አገር ቤቱ፣ አረቅጥ፣ ሚስትና ልጆች እንዳሉት ሰማን።

ሽማግሌዎቹ እርቁ አልሆን ሲላቸው በስምምነት እንድትፋታ መከሯት። ሰላማዊት ግን ጋብቻው ይፍረስልኝ ብላ ክስ መሠረተች። ሚስት እያለው ያገባኝ ሰው ባሌ አልነበረም፤ ፈት መባል አልፈልግም አለቻቸው። አንደኛው ሽማግሌ ፈገግ ብለው፣ “ልጄ፣ ያም ይህም መለያየት ነው” አሏት።

“ለእርስዎ ነው አባባ” አለች።

ችሎት ላይ ሰውየው የመጀመሪያ ሚስቱን በሽማግሌ ከፈታ መቆየቱን ተናገረ። ልጄ በምስክርነት የጠራችው ደግሞ ይህችኑ የመጀመሪያ ሚስት ነበር። መጥሪያ ደርሷታል፤ የልጆቿን አባት የሚያስጠይቅ ነገር ስለሆነ ግን ትመጣለች ብዬ አልጠበቅኩም። ካልመጣች ክሱ ውድቅ ይሆናል።

ስሟ ሲጠራ ወይዘሮ ዘነበች ገባች። ማንንም ሳታይ አልፋ ከልጄ ጎን ቆመች። ቦታዋ እዚያ አለመሆኑ ተነገራትና ወደ ምስክር መቆሚያው ሄደች። ከማለች በኋላ ዳኛዋ ከባሏ ተፋትታ እንደሆነ ጠየቋት።

“እኔ በሌለሁበት ፈተውኝ ይሆናል” አለች ወደ ሽማግሌዎቹ ዞር ብላ። “የዘንድሮን መስቀል ግን ደጃፌ ላይ ደመራውን የለኮሰው እሱ ነው። መንደሩ አይቷል። ይኸው አለሁ፣ ዓይኔን እያየ ይካደኝ።”

የቤቱን ደመራ የሚለኩሰው አባወራው እንደሆነ እዚያ ክፍል ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ዳኛዋ ሰውየውን ጠየቁት። ጠበቃው ሊናገር ሲል ሰውየው ክንዱን ያዘውና፣ “ለኩሻለሁ” አለ።

ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ። ከሰዓት በኋላ ጋብቻው እንዲፈርስ ተወሰነ።

ውጭ ስንወጣ ሰላማዊት ይቅርታ ልትጠይቃት ጀመረች። ሴትየዋ አላስጨረሰቻትም። “ተይ እቴ። አንቺ ባትጠሪኝ፣ ሥራ ይዞት ነው የቀረው እያልኩ እኖር ነበር” አለቻት።

ሁለቱም አላለቀሱም። በልጄ እኮራለሁ። በዚያች ሴትም፣ ምኔም ሳትሆን፣ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

ምሳ እንድትበላ ለመንናት። መኪና እንዳያመልጣት ብላ እምቢ አለች። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ መናኸሪያው ሄደች።