የተረጨው ማሳ

ስሙን አልጽፍም፤ ካነበበው ራሱን ያውቃል።

ከዳንግላ ወደ ቆላው ወርጄ በማሽላ ሙከራ ማሳ ላይ ረዳት ሆኜ ስሠራ አለቃዬ ነበር። በዕድሜ ታናሼ ነው። እኔ አንቱ እለዋለሁ፣ እሱ አንቺ ይለኛል።

ሥራችን የቅጠል በሽታን በዘሩ የሚቋቋም ማሽላ መፈለግ ነበር። ለዚህ ሲባል በየመደዳው ዳር ቶሎ የሚታመም ማሽላ ይዘራል፤ ፈንገሱ ከዚያ ተነሥቶ ሌላውን ይፈትናል። በሽታ ያልገባበት ማሳ የሚነግረን ነገር የለም። በሰፈራ የመጡት ገበሬዎች እንኳ ይህን አንድ ጊዜ ስነግራቸው ገብቷቸዋል።

አንድ ክረምት ለወንድሜ ለቅሶ ወደ ዳንግላ ወጥቼ ስመለስ ማሳው ለምልሟል። የበሽታው ቀይ ነጠብጣብ ያለው ከታች በቀሩት አሮጌ ቅጠሎች ላይ ብቻ ነው። ዘበኛውን ጠየቅሁት። ለመስክ ቀን ማሳውን ሊጎበኙ የሚመጡ እንግዶች የታመመ ማሽላ እንዳያዩ አለቃው ፀረ ፈንገስ አስረጭቷል።

እኔ በወረንጦ የአበባውን ወንዴ እየለቀምሁ፣ የማሽላውን ራስ በወረቀት ከረጢት እየሸፈንሁ ያዳቀልሁት አንድ ዘር ነበረኝ። ዓመታት ደክሜበታለሁ። የዚያ ዓመት ውጤት ከጸደቀ ዘሩ ለገበሬ ይሰጣል። ሆኖም አለቃዬን ውጤቱ መሰረዝ አለበት አልሁት።

«ያንቺም እኮ አንደኛ ወጥቷል» አለኝ እየሳቀ።

«አንደኛ የወጣው እርስዎ ያስረጩት መድኃኒት ነው» አልሁት።

ነጥብ በምንጽፍበት መዝገብ ላይ አልፈርምም አልሁ። ከዚያ በኋላ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ቅጠል ቆጣሪዋ ሊቅ ሆነች እያለ ይሳለቅብኝ ነበር። ያለ ፊርማዬ ግን ውጤቱ አልሄደለትም፤ ሙከራው በሚቀጥለው ክረምት ተደገመ። ኋላ በስብሰባ ላይ ድጋሚውን የራሱ ሐሳብ አድርጎ ሲያቀርብ ከኋላ ተቀምጬ ሰምቼዋለሁ። አሁን ጻፍሁት።

የድጋሚው ክረምት ዝናቡ በረታ፤ በሽታው እንደ ልቡ ገባ። የእኔ ዘር ከታች እስከ ላይ በበሽታው ነደደ። በነጥባችን አንድ ማለት ጤነኛ፣ ዘጠኝ ማለት የመጨረሻው መጥፎ ነው፤ ዘጠኝ ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ ራሱ ወደ ታች የጎበጠውን፣ ማንም ዞር ብሎ ያላየውን ጎረቤቱን ዘር አየሁ። ሁለት ቅጠል ብቻ ታሟል። ሁለት ብዬ ጻፍሁ። ዛሬ በቆላው የሚዘራው እሱ ነው።

አለቃው ማሳው ዳር ቆሞ ያየኝ ነበር። ታለቅሳለች ብሎ ይሆናል።

«አሁን ደስ አለሽ?» አለኝ።

«በገበሬው ማሳ ላይ ከሚነድ እዚህ ይንደድ» አልሁትና ወደሚቀጥለው መደዳ አለፍሁ።