አንዴ ለጠየቀ ልጅ አይሰጥም

ልጄ ሆኪ ተጫዋች ናት። ይህን ለአዲስ አበባ ዘመዶቼ ስነግራቸው በረዶ ላይ የምትንሸራተት ይመስላቸዋል። እሷ የምትጫወተው ሣር ላይ ነው፤ ያውም ሮም ውስጥ ሣሩ ላስቲክ ነው። ማንም ሳያስረዳቸው የገባቸው ሮም አብረውን የሚኖሩት አባቴ ብቻ ናቸው። መጀመሪያ ሜዳ የወሰድናቸው ቀን፣ ሴቶቹ ጫፉ የተቆለመመ ዱላ ይዘው አንዲት ኳስ ሲያሳድዱ አዩና «ይሄማ ገና ነው!» ብለው እጃቸውን አፋተጉ። ከዚያ ወዲህ አንድም ግጥሚያ አምልጧቸው አያውቅም። ዳኛው በእኛ ላይ ሲፈርድ እኔ እጮሃለሁ፣ እሳቸው «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እያሉ ይገሥጹኛል። እኔ ግን እቆጣለሁ።

ልጅቷ አሥራ ስምንት ዓመት በሞላት ዓመት ማቱሪታ ላይ ነበረች። ማቱሪታ የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና ነው፤ እዚህ አገር ተማሪው ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡ በሙሉ ይፈተናል። በዚያ ላይ አንድ የቤልጅየም ክለብ ፈለጋት። ደመወዝ አለው፣ ማደሪያ አለው፣ ነሐሴ ላይ ትምጣልን ይላል። ቤታችን ለሁለት ተከፈለ።

ባሌ የሮም ልጅ ነው፤ ከአማርኛ የሚያውቀው «እሺ» እና «ጎሽ» ብቻ ነው። እሱ እንደሚለው መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ትግባ፣ ሁለት ዓመት እዚሁ ትጫወት፣ ከዚያ ትሄዳለች። ሆኪ እግር ኳስ አይደለም፣ ማንም አልከበረበትም። አሰልጣኟ ደግሞ በሃያ ዓመቷ ማንም ዞር ብሎ አያያትም፣ የሚያድጉት አሁን ነው ይላል። እኔ ጠዋት ከአሰልጣኙ ጋር፣ ማታ ከባሌ ጋር ነበርኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እላለሁ፣ መልሼ ደግሞ ዕድል ደጅ ቆሞ አይጠብቅም እላለሁ። ከሁሉ በላይ የምፈራው ጉልበቷን ነበር። ሰው አገር ወድቃ ብትሰበር ማን ያነሳታል? እሷ የምትለው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ አሁን።

የክለቡ ሰዎች፣ አንዲት ኃላፊና አንድ አሰልጣኝ፣ ጨዋታዋን ሊያዩ ሮም መጡና ወላጆቿን ቤታቸው እናናግር አሉ። ለአባቴ «ልጅቷን ስጡን ሊሉ ነው የሚመጡት» አልኳቸው። ዓይናቸው በራ። አዲስ አበባ ሳሉ በሠፈራችን ያለ አባቴ ሽምግልና አይሄድም፣ ያለ እሳቸውም ሽማግሌ አይቀበሉም ነበር። ሮም ከመጡ ወዲህ ግን ሥራ ፈት ናቸው፤ ከእኔና ከባሌ በቀር ያስታረቁት ሰው የለም። በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ ቶር ፒኛታራ በሚባለው ሠፈር ባለው ጠባብ ሳሎናችን ውስጥ ከፊት ለፊት ተቀመጡ።

እንግዶቹ ገቡና ሳይባሉ ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ። ሽማግሌ ቆሞ ጉዳዩን ተናግሮ፣ ተቀመጥ ሲባል ነው የሚቀመጠው፤ አባቴ ግን እንዳላዩ አለፉት። ልጄ በእንግሊዝኛ እያስተረጎመች ጠየቋቸው። የት ታድራለች? ብትታመም ማን አለ? ቤተ ክርስቲያን ቅርብ ነው? ሰዎቹ ሁሉንም በወጉ መለሱ። እኔ ከኩሽና ላዛኛ እያመላለስኩ እሰማለሁ፤ ኮራሁባቸው። በመጨረሻ አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስለ መጣችሁልን እናመሰግናለን። ነገር ግን ልጃችን ለጋ ናት። አይሆንም፣ አንሰጥም።»

እንከን የሌለው የመጀመሪያ ቀን መልስ ነበር። ልጄ አያቷን አየቻቸውና ቃል በቃል ተረጎመች። እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ አመሰገኑ፣ ትንሽ ቆይተው ተነሡ። አውሮፕላን ሊያመልጣቸው ነው ብዬ ላዛኛ ቋጠርኩላቸው።

አባቴ በሚቀጥለው እሑድ ያንኑ ልብስ ለብሰው ጠበቁ። ከዚያ ወዲያ ባለውም እሑድ እንደዚያው። «ይመጣሉ፤ ትልቅ ሰዎች ናቸው» ይላሉ። ልጄ ደግሞ በልታ ትነሣለች፣ በሯን ትዘጋለች፣ ልምምድ ቀርታለች። ፈተናው ነው አልኩ።

ፈተናው ካለቀ በኋላ አሰልጣኟ ደወለልኝ። «ሲኞራ፣ ለምን እምቢ አላችሁ? ሌላ ልጅ እያነጋገሩ ነው።» ሳቄ መጣ። ማን ነው እምቢ ያለው? ከዚያ የአባቴ «አንሰጥም» ትዝ አለኝ።

ሮጬ ክፍሏ ገባሁ። «አባባ አይሆንም አሉ» አለችኝ ጀርባዋን ሰጥታ። «በገዛ አፌ ተረጎምኩት።» የመጀመሪያ እምቢታ እምቢታ እንዳልሆነ፣ ለወግ ያህል እንደሆነ አስረዳኋት።

«ማ ዳይ፣ ማማ! ተይ እንጂ! እምቢ ማለት እሺ ማለት ነው?»

«እሺ ሳይሆን፣ ደግማችሁ ኑ ማለት ነው።»

«ታዲያ ደግማችሁ ኑ አይሏቸውም?»

ዕድሜዬን ሙሉ ሳየው የኖርኩት ነገር ነው፤ ለልጄ ግን አንድም ቀን ነግሬያት አላውቅም።

አባቴ ሲሰሙ መጀመሪያ ተናደዱ። «አንዴ ጠይቀው ተዉን? በአንድ እምቢታ የሚሄድ ሰው ጉልበቷ የተጎዳ ቀን ምን ሊያደርግ ነው?» ወራት ሙሉ እኔን የበላኝን ጥያቄ እሳቸው በአንድ አረፍተ ነገር ጨረሱት። ቀጥለው «ልጅቷስ ምን አለች?» አሉኝ።

«እርስዎ የከለከሏት መስሏት ነው፣ አባዬ።»

ከዚያ «የሴት ወገን ደጅ ሲጠና አይቼ አላውቅም» ብለው ተነሡ። «ደውይልኝ። የምታስተረጉሚውም አንቺ ነሽ።»

በቪዲዮ ደወልን። ኃላፊዋ ብቅ ስትል አባቴ ቆሙ፤ ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ፣ እኔም ስልኩን ሽቅብ ይዤ ክንዴ ዛለ። የመጀመሪያው እምቢታ በአገሬ ሰው የሚፈተንበት ነው አሏት። ቀጥለው ያንኑ የጉልበቷን ጥያቄ ጠየቋት። ሴትዮዋ እሷም ተጫዋች እንደነበረች፣ በመጀመሪያው ዓመት እግሯ ተሰብሮ ክለቡ እንዳልተዋት፣ ዛሬም እዚያ የምትሠራው ለዚህ እንደሆነ ነገረችን። ከሌላዋ ልጅ ጋር ገና አልተፈራረሙም። «እንግዲህ ደግሜ እጠይቃለሁ፤ ልጃችሁን ትሰጡናላችሁ?» አለች።

ባሌ «አሎራ፣ እንግዲህ ሁለት ዓመት በያቸው!» እያለ ጆሮዬ ሥር ያንሾካሹካል። በወጉ ከሆነ አባቴም ዘመድ እንጠይቅና ሌላ ጊዜ ተመለሱ ማለት ነበረባቸው። ልጄ በሩ ላይ ቆማለች፣ ከንፈሯን ነክሳለች። አባቴ አዩዋት።

«ሰጥተናል» አሉ።

የልጄ ጩኸት ታች ያሉትን ጎረቤቶች ሳያስደነግጥ አልቀረም። አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፣ ጉንጫቸውን ሳመች፣ ለጓደኞቿ ልትነግር ወጥታ በረረች። ባሌ «ቫ ቤኔ፣ ይሁን» እያለ ተከተላት፤ ሲሸነፍ ያምርበታል።

አባቴ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ውሃ አመጣሁላቸው፤ አልጠጡትም።

«ሦስት ጊዜ ይመላለሳሉ ብዬ ነበር» አሉኝ ቀስ ብለው። «ከቤልጅየም ሮም ሦስቴ ለመመላለስ፣ ዓመት እንኳ አይፈጅም? ዓመት አብራኝ ትቆያለች ብዬ ነበር።»

የማደርገው ቢጠፋኝ ቀለድኩ። «አልረፈደም፤ ደውዬ እምቢ ልበላቸው?»

«ተይ» አሉኝ፣ ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ እየጠረጉ። «ደስ ብሏታል እኮ። አላየሻትም?»