ያቀረቀረው መብራት

መኪናዋ አራት መቶ ሠላሳ ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳለች። ከዚያ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የነዳሁት እኔ ነኝ። የእሷ ሞተር ደህና ነው፤ የእኔ ወገብ ግን ደህና አይደለም። ሱለይማኒያ ሰፈር ውስጥ ለአንድ ቤተሰብ ሾፌር ሆኜ ስሠራ አሥራ አንድ ዓመት ሞላኝ፤ ሪያድን የማውቃትም በዚህች መኪና የፊት መስታወት በኩል ነው።

የምነዳው ለከፊሌ፣ ማለትም ላስመጣኝ አሠሪዬ፣ ሳይሆን ለእናቱ ነው። በቤቱ የምንሠራ ሁሉ "ማማ" ነው የምንላቸው። ማማ ጉልበታቸው አልቋል፤ ከፍ ያለ መኪና ላይ መውጣት አይችሉም። ይቺ ግን ዝቅ ያለች ስለሆነች መጀመሪያ ይቀመጣሉ፣ ከዚያ እግራቸውን አንድ በአንድ እያነሱ ያስገባሉ፣ ከዚያ "ያላ"፣ እንሂድ፣ ይላሉ። በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ እንወጣለን። የትም አንሄድም። ከኋላ አሥራ ሁለት ካርቶን የታሸገ ውሃ ይጫናል፤ የትራፊክ መብራት በያዘን ቁጥር ማማ መስኮቱን ከፍተው ለመንገድ ጠራጊው፣ በሞተር ምግብ ለሚያደርሰው፣ ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ለተጠጋው የቀን ሠራተኛ ውሃ ያቀብላሉ። ያለቀውን እኔ በማግስቱ ከጉበይራ ገበያ ገዝቼ እተካለሁ። ማማ ከቤት የሚወጡት ለዚህ ብቻ ነው። ሌላ ሄደው የሚጠይቁት ሰው በሕይወት የላቸውም።

የመኪናዋን መብራት "ብልህ ነው" ይሉታል። መሪው ወደ ቀኝ ሲዞር እሱም ወደ ቀኝ ያያል። ጀርባዋ ከብዶ አፍንጫዋ ቀና ሲል ደግሞ የሰው ዓይን እንዳይወጋ ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ይህን የሚነግረው ከኋላ ጎማው አጠገብ ያለ፣ ከክብሪት ሳጥን እምብዛም የማይበልጥ ሴንሰር ነው። መኪናዋ አዲስ በነበረችበት ዘመን ይህ ሁሉ የሚያኮራ ነገር ነበር። ዛሬ ግን ራስ ምታት ከመሆን ያለፈ ጥቅም የለውም።

ዓመታዊው የመኪና ምርመራ፣ ፈህስ የምንለው፣ አንድ ወር ሲቀረው ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ ምልክት በራ። መብራቶቹም መዞር አቆሙና እንደተቆጡት ልጅ መሬት መሬት ያዩ ጀመር። ለከፊሌ ነገርኩት። በር ላይ ቆሞ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ፣ "ፈህስ ካለፈች አንድ ዓመት ትቆይ። ካላለፈች ለብረት ትሸጣለች። አንተም ኹሩጅ ይሠራልሃል፣ አገርህ ትገባለህ" አለኝ። ኹሩጅ የመጨረሻ መውጫ ቪዛ ነው። ብዙ ሰው ስሙን ሲሰማ ይንቀጠቀጣል።

እኔ ግን መደንገጥ ይሁን መደሰት እንዳለብኝ አላወቅሁም። ልጄን የሦስት ዓመት ሕፃን ሆና ነው ትቻት የመጣሁት፤ አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። በመሀል ያየኋት ሦስት ጊዜ ነው። በየዓመቱ "ዘንድሮ ይበቃኛል" እላለሁ፤ በየዓመቱ የሆነ ነገር ይመጣና ኢንሻአላህ ብዬ እቀመጣለሁ። ሥራው አይደለም የደከመኝ፤ መወሰኑ ነው። እና እውነቱን ልናገር፣ እስቲ አምፖሉ ይወስንልኝ አልኩ። ካለፈ እቀራለሁ፣ ከወደቀ እሄዳለሁ። ትልቅ ሰው ሆኜ እንዲህ ማሰቤ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ቢሆንም ሥራ ሥራ ነው፣ መኪናዋን ባዲዓ ሰፈር ወዳለ ጋራዥ ወሰድኳት። እዚያ አንድ ወሎዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አለ፤ እጁ ቀና፣ አፉ የማያርፍ። ፊውዙን አየ፣ አምፖሉን አየ፣ ኮምፒውተሩን ሰካ። ከዚያ መኪናዋ ሥር ገብቶ የሴንሰሩን ክንድ ይዞ ወጣ፤ ዝጎ ተሰብሯል። ከአሮጌ መኪና የተፈታ ሌላ ሴንሰር አግኝቶ ገጠመና በኮምፒውተሩ ልክ አስያዘው፤ ማለትም "መኪናዋ ስትቆም ትክክለኛ ቁመናዋ ይህ ነው" ብሎ አስተማረው። መብራቱ ግድግዳው ላይ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ቢጫዋም ጠፋች።

ለፈህስ የተዘጋጀሁት ለሠርግ እንደሚሄድ ሰው ነበር። መኪናዋን አጠብኳት፣ ወንበሩን ጠረግሁ፣ አሥራ ሁለቱንም ካርቶን አውርጄ በረኛው ክፍል ደረደርኩ። የመንግሥት ሰው ከኋላ ከፍቶ የሰው ቤት ጓዳ እንዲያይ አልወድም፤ እንደዚያ ነኝ። ግማሽ መንገድ ላይ ቢጫዋ በርታ አየኋት። የመርማሪው መሣሪያ ፊቷ ሲቆም መብራቶቹ አቀርቅረው ነበር። ወረቀቱ "የፊት መብራት፣ ወድቋል" ይላል።

ቤት ተመለስኩ። የማማ ቀን ስለነበር ካርቶኖቹን መልሼ ጫንኩና ሞተሩን አስነሳሁ። ቢጫዋ የለችም። ግድግዳውን አየሁ፤ መብራቱ ቀጥ ብሏል። በማግስቱ ባዲዓ ሄድኩ። ሠራተኛው ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈትሾ ምንም አጣ።

"ወንድሜ፣ መኪናህ ጤነኛ ናት" አለኝ። "ከፈለግህ ኮምፒውተሩን አንተ ላይ ልሰካው?"

ለሁለተኛው ፈህስ እንደገና አጠብኩ፣ እንደገና አራገፍኩ። እንደገና ወደቀች። ባዲዓ ስመለስ፣ ውሃውን ጭኜ ማለት ነው፣ እንደገና ጤነኛ ሆነች። ገመድ ቀየረ፣ መሰኪያ አጸዳ፣ ተራገመ። "ይቺ መኪና ፈህስ ትፈራለች፣ ኸላስ፣ አበቃ" አለ በመጨረሻ። እኔም ተቀበልኩት። የፈህሱ ቀነ ገደብ ሊያልቅ አሥር ቀን ቀርቶ ነበር፤ ሻንጣዬን ከቁም ሣጥን ላይ አውርጄ አቧራውን ጠረግሁ።

ነገሩ የገባኝ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ከማማ ጋር ለመዞር ልንወጣ ስንል የቪላው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነን። ማማ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። እንዳይሞቃቸው ሞተሩንና ማቀዝቀዣውን አልዘጋሁም። ቦታው ጣሪያ ያለው፣ ጨለምለም ያለ ነው፤ መብራቱ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ በርቷል። ከታች ካሉት ካርቶኖች ውሃ ሲፈስ አየሁና የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አንድ በአንድ ማውረድ ጀመርኩ። ዘጠነኛውን አውርጄ ቀና ስል ግድግዳው ላይ ያለው ብርሃን ዝርግፍ ብሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። ቆምኩ። ሁለት ካርቶን መልሼ ጫንኩ። ብርሃኑ ተነሣ። ሁለቱን አወረድኩ። ወደቀ።

ያን የመጀመሪያ ቀን ጋራዥ ውስጥ ሴንሰሩን ልክ ስናስይዝ ከኋላ አሥራ ሁለት ካርቶን ውሃ ነበር። እኔ መናገር አላሰብኩም፤ እሱም ከፍቶ አላየም። ሴንሰሩ ሸክሙን ከተፈጥሮዋ ቆጠረው። ሲራገፍላት ጀርባዋ እሱ ወደማያውቀው ቦታ ከፍ ይላል፣ ይደነግጣል፣ ያቀረቅራል። እኔ ደግሞ ለፈህስ ክብር ብዬ በየጊዜው አራግፋለሁ። አልፈረድኩበትም። ለዕረፍት አገሬ የገባሁ ጊዜ እኔም ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር።

"ምን አገኘህ?" አሉኝ ማማ በመስኮት።

"ምንም፣ ማማ። አንዱ ካርቶን ያፈስሳል" አልኳቸው።

ይህን ያልኩት አስቤበት አይደለም። ከአፌ ሲወጣ ግን ምን እንዳደረግሁ ገባኝ። ዝም ካልኩ መኪናዋ ትወድቃለች፣ እኔም አገሬ እገባለሁ። ማድረግ ያለብኝ ነገር እንደ ወትሮው አጥቤና አራግፌ መሄድ ብቻ ነው። ንጹህ መኪና ከማቅረብ በቀር ወንጀል የለበትም። ለባለቤቴ ደውዬ "ምናልባት በዚህ ወር እመጣለሁ" አልኳት። "ምናልባትህን ለምጄዋለሁ" አለችኝ። ሁለት ቀን ዝም አልኩ። 

ቅዳሜ ከፊሌ ሊገዛ ያሰበውን መኪና ለሙከራ ይዞ መጣ። ትልቅ፣ ነጭ፣ ደረጃ ያለው። ማማ ዐባያቸውን ሰብስበው ቀኝ እግራቸውን ደረጃው ላይ አደረጉ። እጀታውን ያዙ። ልጃቸው በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ደገፍናቸው። ጉልበታቸው እንቢ አለ። እንደገና ሞከሩ፤ ሲቃ የመሰለ ድምፅ ከአፋቸው ወጣና ወዲያው በሳቅ ሸፈኑት። "ኸላስ፣ መንገዱን በቴሌቪዥን አያለሁ" አሉ። ወደ እኔ ዞረውም "ውሃው ግን እንዳይቋረጥ፤ የሚመጣውን ሾፌር አስተምረው" አሉኝ።

አንጀቴን በሉት። በሳቃቸው ተናደድኩ፣ በነጩ መኪና ተናደድኩ፣ ከሁሉም በላይ በራሴ ተናደድኩ። አሥራ አንድ ዓመት በር የከፈትኩላቸው ሴትዮ ከእንግዲህ ከበር ላይወጡ ነው፣ መኪናዋ የምትወድቅበትን ምክንያት የማውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ።

በማግስቱ በጠዋት ባዲዓ ነበርኩ። አንድም ቃል ሳልናገር ካርቶኖቹን ዘይት በጠጣው የጋራዡ ወለል ላይ ማውረድ ጀመርኩ። ሠራተኛው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ያየኛል። አሥራ ሁለቱም ወርደው ሲያልቁ መብራቱ አቀርቅሮ ነበር።

"ይሄን ሁሉ ጭነህ ነው ልክ ያስያዝከኝ?" አለ።

"አንተስ ከፍተህ አይተሃል?"

 ሠራተኛው አንዱ ካርቶን ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። "በል ወንድሜ፣ ለዚህ ጥፋት ካሳው አንድ ካርቶን ነው" ብሎ የተቀመጠበትን ወሰደ። ባዶዋን እንዳለች ልክ አስያዛት። መልሰን ጫንን፤ መብራቱ በልኩ ሆነ። አራገፍን፤ በልኩ ሆነ። ባዶም ብትሆን ሙሉ አሁን የምታየው መንገዱን ነው።

ፈህስ አለፈች። መርማሪው የፊት መስታወቷ ላይ አዲሱን ምልክት ሲለጥፍ ደስታ ጠበቅሁ፤ የመጣው ግን ድካም ነው። መኪናው ውስጥ ገብቼ ትንሽ ቁጭ አልኩ። ለልጄ ምን እንደምላት እያሰብኩ ነድቼ ሄድኩ።

ከሰዓት ከማማ ጋር ወጣን። የመጀመሪያው ቀይ መብራት ላይ፣ በመስታወቱ እያየኋቸው፣ "ማማ፣ መኪናዋ አለፈች" አልኳቸው። አልሐምዱሊላህ ይላሉ ብዬ ነበር።  እሳቸው ግን ጠርሙሱን ለጠራጊው አቀበሉና መስኮቱን ዘጉ።

"ካላለፈች አገሩ ይግባ ያልኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ልጄ አይደለም። እኔ ነኝ እንዲህ በለው ያልኩት።"

ዞሬ አየኋቸው።

"ባለፈው ረመዳን እዚሁ መብራት ላይ ቆመን እንቅልፍ ወሰደህ። ከኋላ ክላክስ እስኪነፉብን አልነቃህም። ደክሞሃል፣ ያ ወለዲ፣ ልጄ። ሂድ ብልህ ያባረርኩህ ይመስልሃል፤ ቅር ብልህ ደግሞ አትሄድም። ስለዚህ ነገሩን ለመኪናዋ ተውኩት።"

"እርስዎስ? ውሃውስ?"

"እኔ ቤቴ ነኝ" አሉ። "ሁለት ጊዜ ስትወድቅ ደስ ብሎኝ ነበር። አንተ ግን ሄደህ አሠራሃት።"

አረንጓዴ በራ። ከኋላችን ክላክስ ጮኸ። ነዳሁ። ሁለተኛው መብራት ላይ ስንቆም ማማ መስኮቱን ከፈቱና አንድ ጠርሙስ ለእኔ፣ አንዱን ለውጪው ሰው አወጡ።

"የሚመጣው ዓመት" አሉ የእኔን እያቀበሉኝ፣ "ብትበላሽ እንዳትነካት።"