ዕቃ የሌላቸው ተሳፋሪዎች

ዛሬ ጠዋት ወደ አሶሳ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከተቀመጥነው አሥር ሰዎች ሰባቱ ተሳፋሪዎች አልነበሩም።

የከተማችን መናኸሪያ ድሮ አንድ የማንጎ ዛፍ ጥላ ነበር። መኪና በቀን አንዴ ቢመጣ ነው፤ የሚዋሽ ግን አልነበረም። ዛሬ ጣሪያም፣ አግዳሚ ወንበርም፣ የታሪፍ ሰሌዳም አለን።

ልጅ ያዘለች እናት የሚኒባሱ በር ላይ ቆማ ተራ አስከባሪውን ጠየቀችው። "ልጄ ሦስት ሰዓት የሐኪም ቀጠሮ አለው። መቼ ነው የሚሄድ?"

"ግቢ እናቴ፣ ሁለት ሰው ብቻ ነው የቀረው።"

ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች። ከዚያ አንድ እውነተኛ ተሳፋሪ በገባ ቁጥር ከሰባቱ አንዱ "ስልክ ላናግር" እያለ ይወርዳል። ለካ መኪናው የሞላ እንዲመስል የተቀመጡ ናቸው። ነጋዴ ሆኜ እጃቸውን አለማየቴ ያሳፍራል፤ አንዳቸውም ፌስታል እንኳ አልያዙም።

"ለምን ዋሸሃት?" አልኩት ተራ አስከባሪውን።

"ጋሼ፣ ባዶ መኪና ላይ ማን ይወጣል?" ብሎ ሳቀ።

አሶሳ የደረስነው አምስት ሰዓት አልፎ ነው። ከሰዓት ስመለስ እናትየዋን መኪና ስትጠብቅ አገኘኋት። ሐኪሙ ወጥቷል፣ ነገ ነይ ብለዋታል።

በእናንተ መናኸሪያስ እንዲህ ሲደረግ ምን ትላላችሁ? ጻፉልኝ።

እኔ ነገ ከእሷ ጋር እሳፈራለሁ። ዕቃ ያልያዘውን ሁሉ፣ ሰው እየሰማ፣ "ወዴት ነህ?" ብዬ እጠይቃለሁ።